ሦስት ትራስ

እህቴ መጀመሪያ የወሰደችው የእኔን ትራስ ነው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ከሁለት ወር በኋላ የሶፋውን መደገፊያ ጨመረችበት። ያኔ 19 ዓመቷ ነበር። ጋደም ስትል «ያፍነኛል» ትላለች፤ ቀና ብላ ስትቀመጥ ይለቃታል። ሌሊት ሌሊት ያስላታል። እማዬ ዝንጅብል በማር እያፈላች ታጠጣት ነበር፤ «ብርድ ነው፣ መስኮቱን ዝጊው» ትላታለች። የሄድንበት ክሊኒክ ደግሞ አስም ነው አለን። በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ታዘዘላት፣ ግማሽ ዓመት ተጠቀመችበት፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሁላችንም ሳንባዋ ላይ አፍጥጠን ነበር። ሳንባዋ ግን ምንም አልበደለም። ጥፋቱ ከሳንባዋ ቀጥሎ ያለ አንድ ትንሽ በር ላይ ነበር።

በአማርኛ ልብን ያላሠራነው ሥራ የለም። ልጅ ሲበስል ልብ ገዛ እንላለን። ደፋሩ ልበ ሙሉ ነው፣ ጨካኙ ልበ ደንዳና ነው፣ የሚያደክመን ሰው ልባችንን ያወልቀዋል፣ አስተውል ለማለትም ልብ በል እንላለን። እኔም ልብ ሲባል ጉልበት ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት የተማርነው «ልብ ደም ይረጫል» ተብለን ነው፣ ፈተና ላይም የጻፍነው እሱኑ ነው። በቃ፣ ይጨምቃል፣ ይረጫል። ደሙ ከየት ገብቶ እንደሚጨመቅ፣ ለመግባት ጊዜ እንደሚፈልግ፣ የሚገባበት በር ቢጠብ ምን እንደሚሆን አስቤ አላውቅም። የቤተሰባችን ሁለት ዓመት ያለቀው እዚያች ያላሰብኳት ቦታ ላይ ነው።

ነገሩን በዓይኔ ያየሁት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ ያለፈው ፋሲካ፣ እማዬ ግቢ፣ በጉ በታረደ ጊዜ። የእህቴ ልጅ 12 ዓመቱ ነው። ሰሞኑን ባዮሎጂ ላይ ስለ ልብ እየተማሩ ነበርና አራጁ ሆድ ዕቃውን ሲያወጣ አጠገቡ ቆሞ «ልቡን ለኔ» አለው። እማዬ በምግብ አይቀለድም ብላ ነበር፤ በኋላ አጥበን እንድንመልስላት ቃል አስገብታ ፈቀደች። ልቡ ገና ትኩስ ነበር። ከልጁ ጭብጥ ትንሽ በለጥ ይላል። አናቱ ላይ ነጭ ስብ አለበት፣ ወደ ታች እየሾለ ይሄዳል። ቧንቧው ሥር አስቀምጠን ደሙን አጠብንለት።

ከመቁረጣችን በፊት በጣቱ እንዲጫነው ነገርኩት። በአንዱ በኩል ጣቱ ስርጉድ አለ። በሌላው በኩል ድንጋይ ነው የሚመስለው። «ይሄኛው ለምን ጠነከረ?» አለኝ። ሁለቱ ወገኖች እኩል ደም ነው የሚልኩት፤ የሚልኩበት ቦታ ግን ለየቅል ነው። የቀኙ ከሰውነት የተመለሰውን ደም ተቀብሎ ወደ ሳንባ ይልካል። ሳንባ ደግሞ ጎረቤት ነው፣ እዚያው ደረት ውስጥ ነው። የግራው ከሳንባ የመጣውን፣ ኦክስጅን ያዘለውን ደም ወደ ጭንቅላትም ወደ እግር ጥፍርም ማድረስ አለበት። በጤነኛ ሰው የግራው ግፊት ወደ 120 ይደርሳል፣ ያ ክንዳችን ላይ የሚለካው ቁጥር ነው። የቀኙ ከ25 አካባቢ አያልፍም። ስንቆርጠው ግልጽ ሆነ፦ የግራው ግድግዳ የአውራ ጣቴን ውፍረት ያህላል፣ የቀኙ ሲሶውን ነው።

የበግ ልብ ነው ብላችሁ አትናቁት። አጥቢ እንስሳ ሁሉ አሠራሩ አንድ ነው። አራት ክፍል፣ አራት ቫልቭ፣ በሮቹ ማለት ነው። ላይ ያሉት ሁለቱ መቀበያ ናቸው፣ ታች ያሉት ሁለቱ መላኪያ። የአይጥ ልብ በደቂቃ 600 ጊዜ ያህል ይመታል፣ የዝሆን 30 አካባቢ ነው፣ የቀጭኔ ደግሞ ያን ሁሉ አንገት ሽቅብ ደም ለመግፋት ከኛ እጥፍ የሚሆን ግፊት ያወጣል። ፕላኑ ግን ያው ነው። ልጁ ይሄን ሲሰማ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

ከዚያ የውሃውን ነገር አሳየሁት፣ ዋናው እሱ ነው። የግራውን የላይኛ ክፍል ጣሪያ ቆርጠን አነሳን። ወደ ውስጥ ስታዩ ሁለት ስስ ነጭ ቅጠሎች ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። ልጁ በጆግ ውሃ ቀስ አድርጎ ጨመረ። ውሃው ያለምንም ችግር በቅጠሎቹ መሀል ወደ ታችኛው ክፍል ገባ። እኔ ወደ ሰውነት የሚወጣውን ትልቁን ደም ቅዳ በሁለት ጣቴ ቆንጥጬ ይዣለሁ። «አሁን ከታች ጨብጠው» አልኩት። ሲጨብጠው ሁለቱ ቅጠሎች ተንሳፍፈው ወደ ላይ መጡና ጠርዝ ለጠርዝ ገጥመው ዘጉ። ጠብታ አልወጣም። ጮኸ፣ «አጎቴ፣ ዘጋ! ማንም ሳይነካው!» ጣቴን ከደም ቅዳው ላይ ሳነሳ ውሃው በዚያ በኩል ተስፈንጥሮ ወጣ።

ማንም ሳይነካው። እውነቱን ነው። ቫልቭ ራሱን የሚከፍትበትም የሚዘጋበትም ጡንቻ የለውም። ከኋላ የሚመጣው ደም ይከፍተዋል፣ ከፊት የሚመለሰው ይዘጋዋል። ግድግዳውን ሰንጥቀን ስናየው ደግሞ ከቅጠሎቹ ጠርዝ የሚነሱ ክሮች አሉ፣ ነጫጭ፣ የልብስ መስፊያ ክር የመሰሉ፣ ከታች ከጡንቻ ጉብታዎች ጋር የታሰሩ። ልክ እንደ ድንኳን ገመድ ናቸው። ልቡ ሲጨመቅ ጉብታዎቹም አብረው ይኮማተራሉና ክሮቹን ወጥረው ይይዛሉ፤ ስለዚህ ቅጠሉ ነፋስ እንደገለበጠው ጃንጥላ ወደ ላይ አይገለበጥም። ልጁ አንዷን ክር በጣቱ ሳባት። ትቀጥናለች እንጂ አልተበጠሰችም። ሐኪም ደረታችን ላይ መሣሪያውን አድርጎ የሚሰማው ዱብ ዱብ ባብዛኛው የእነዚህ በሮች ድምፅ ነው። የመጀመሪያው ዱብ የላይና የታች ክፍሎችን የሚለዩት ሁለቱ በሮች ሲዘጉ ነው፤ ሁለተኛው የመውጫዎቹ ሲዘጉ።

እህቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት እየከተፈች ታየን ነበር። ያ የምንጫወትበት ቅጠል የእሷ ላይ ተጣብቆ እንደነበር ልጁ ያውቃል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሽታው እንዳይመለስባት በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ስትወጋ አብሯት ይሄዳል። እንዴት እንደተጣበቀ ግን ነግሬው አላውቅም ነበር።

የጀመረው ከጉሮሮዋ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ እያለ ጉሮሮዋን አመማት፣ እንጥሏ ወርዶ ነው ተባለ፣ በሳምንቱ ተሻላት። ከዚያ ጉልበቷ አበጠ። ጉልበቷ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷ፣ እሱ ሲሻላት የእጇ አንጓ። «ስታድግ ነው፣ አጥንቷ እየረዘመ ነው» አሉ ጎረቤቶች፤ እሱም አለፈና ረሳነው። ያ ግን የእድገት ሕመም አልነበረም። ጉሮሮዋ ውስጥ የነበረው ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ሰውነት እሱን ለመዋጋት የሚያወጣው መከላከያ አንዳንድ ልጆች ላይ ይሳሳታል፤ የባክቴሪያው ገላ ከልብ ሥጋ ጋር ስለሚመሳሰልበት የራሱን ቫልቭ ያጠቃል። መገጣጠሚያው ይድናል። ቫልቩ ግን ይቆስላል፣ ይጠግጋል፣ ጠባሳው ይወፍራል፣ ዓመታት ሲያልፉ ቅጠሎቹ ጠርዛቸው ላይ እየተጣበቁ ይሄዳሉ። ሩማቲክ የልብ በሽታ የሚሉት ይሄ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው፣ እኛ አገር ደግሞ ዛሬም ብዙ ወጣት ይጥላል። ጉሮሮዋን ባመማት ሰሞን ፔኒሲሊን ብትወስድ ኖሮ ይሄ ሁሉ ላይመጣ ይችል ነበር። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። የሚያስቆጣኝ ርካሽነቱ ነው፣ ፔኒሲሊን እኮ ነው።

አስም የተባለችው እህቴ አንድ ሌሊት ሮዝ አረፋ ተፋች። በዚያው ሌሊት ወደ ትልቅ ሆስፒታል ወሰድናት። በማግስቱ ጨለማ ክፍል ውስጥ ደረቷ ላይ ቀዝቃዛ ጄል ቀብተው ልቧን በስክሪን አሳዩን። ሐኪሙ ወጣት ነበር፣ ትዕግሥቱ አይረሳኝም። «ይኸውልሽ እህቴ፣ ይሄ ግራጫው ጡንቻሽ ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ምንም አልሆነም» አላት። ከዚያ ቀስቱን ወደ መሀል ወሰደው። ቅጠሎቹ እንደ በጉ ልብ አልተንሳፈፉም። መሀላቸው ላይ የሸሚዝ ቁልፍ ማስገቢያ የመሰለች ስንጥቅ ብቻ ትከፈታለች። የጤነኛ ሰው በር ሲከፈት ከ4 እስከ 6 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የእሷ 0.9 ነበር።

ትራሶቹም የዚያኑ ቀን ገቡኝ። ቀኙ ልብ የላከውን ያህል ግራው መላክ አለበት ብያለሁ። ልዩነቱ በአንድ ምት አንድ ሚሊ ሊትር ብቻ ቢሆን እንኳ በደቂቃ 70 ምት ሲባዛ በሰዓት 4 ሊትር ሳንባ ውስጥ ሊቀር ነው። ጤነኛ ልብ ይሄን በራሱ ያስተካክላል፤ በሞላ ቁጥር አጥብቆ ይጨምቃል፣ ስለዚህ የመጣለትን ሁሉ ያሳልፋል። የእህቴ ግራ ልብ ግን በሩ ጠቦበት አይሞላም። ደሙ ከበሩ ኋላ ይቆማል፣ የላይኛውን ክፍል ይለጥጠዋል፣ ከዚያም ወደ ኋላ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ፈሳሹም ወደ አየር ከረጢቶቹ ይሰርጋል። ስትጋደም ደግሞ እግሯ ላይ የነበረው ደም ወደ ደረቷ ይመለሳል። ቀና ስትል ወደ ታች ይወርዳል። ያ ነው ትራሱ። ልጅቷ ሳታውቀው በትራስ ነበር ራሷን የምታክመው።

ሐኪሙ ያዘዘላት መድኃኒት ገርሞን ነበር፤ ልብ የሚያዘገይ ነው። እማዬ «ልቧ ደከመ እያላችሁ ጭራሽ ልታዘገዩት?» አለችው። ወረቀት ገልብጦ አስረዳት። በደቂቃ 72 የሚመታ ልብ ለአንድ ምት 0.8 ሰከንድ ያህል አለው። ከዚህ ውስጥ የሚጨመቀው 0.3 ሰከንድ ብቻ ነው። የቀረው 0.5 ሰከንድ ማረፊያ ነው፤ የሚሞላውም ያኔ ነው። ደረጃ ስትወጣ ወይም ስትደነግጥ ምቱ 140 ይገባል እንበል። የመጭመቂያው ጊዜ ብዙም አይቀንስም፣ የሚሰረቀው ከማረፊያው ነው፣ ወደ 0.2 ሰከንድ ይወርዳል። ሰፊ በር ላለው ሰው 0.2 ሰከንድም ይበቃል። የቁልፍ ማስገቢያ የምታህል ስንጥቅ ላላት ልጅ አይበቃም። «ልቧ ሲሮጥ ባዶውን ነው የሚሮጠው» አላት። እማዬ ዝም አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ማንም እህቴን በድንገት አስደንግጦ አያውቅም፣ በር እንኳ ቀስ ብለን ነበር የምንዘጋው።

ስለ ማረፊያው ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ። ልብ ራሱ የሚመገበው አርፎ ነው። ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሱት ሁለቱ ደም ቅዳዎች የሚነሱት ልክ ከመውጫው በር በላይ ነው። የግራው ግድግዳ ሲጨመቅ ውስጡ ያሉትን የራሱን ደም ሥሮች ስለሚያንቃቸው፣ ድርሻውን ባብዛኛው የሚያገኘው ሲላላ ነው። ሌላም አለ። የላይኛው ክፍል ከታችኛው ቀድሞ ይኮማተራል። ምቱን የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ከቀኙ የላይኛ ክፍል ጥግ ካለች ትንሽ ቋጠሮ ይነሳል፣ ሁለቱን የላይኛ ክፍሎች ያኮማትራል፣ መሀል ላይ ሲደርስ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይያዛል። ለምን ይያዛል? ላይኛው የመጨረሻዋን ጉርሻ አጉርሶ እስኪጨርስ ነው። ከዚያ ብልጭታው ወደ ጫፉ ይወርድና ጡንቻው ልብስ እንደሚጨመቅ ተጠማዝዞ ደሙን ወደ ላይ ወደ መውጫው ይገፋል። ቢሆንም ሙሉ በሙሉ አይራቆትም። ከ120 ሚሊ ሊትር ገደማ 70 ያህሉን ይልካል፣ ሌላው ይቀራል።

በደቂቃ 5 ሊትር ማለት ነው። ልጅ ሆነን ውሃ ሲጠፋ ከቦኖ በጀሪካን እንቀዳ ስለነበር እኔ የማስበው በጀሪካን ነው፤ በየአራት ደቂቃው አንድ ባለ 20 ሊትር። ቁጭ ብለን። ቀንና ሌሊት ሲደመር ባለ 2000 ሊትር ሮቶ ሦስት ተኩል ጊዜ ይሞላል። ሰውነታችን ውስጥ ያለው ደም ግን በሙሉ 5 ሊትር አካባቢ ነው።

ይህችን ሒሳብ ነው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቬይ የሠራት፣ እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ። ከእሱ በፊት 1400 ዓመት ያህል ዓለም የጥንቱን ግሪካዊ ሐኪም የጋሌንን ቃል ይዞ ነበር፦ ደም ጉበት ውስጥ ይመረታል፣ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ያልቃል፣ ከቀኝ ልብ ወደ ግራ የሚያልፈውም ግድግዳው ላይ ባሉ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በደማስቆና በካይሮ የኖረው ሐኪም ኢብን አል ነፊስ ያ ግድግዳ ቀዳዳ የለውም፣ ደሙ የሚያልፈው በሳንባ ዞሮ ነው ብሎ ጽፎ ነበር፤ አውሮፓ ውስጥ ብዙ ሰው አልሰማውም። ሃርቬይ በአንድ ምት የሚወጣውን ደም ዝቅ አድርጎ ገመተና በምት ብዛት አባዛው። ልብ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚያወጣው ሰውነት ውስጥ ካለው ደም ሁሉ በለጠ። ጉበት ይሄን ሁሉ ከየት ያመጣል? ያው ደም እየዞረ መሆን አለበት። ማባዛት ብቻ ነው፣ ግን ለዚያ ሁሉ ዘመን ያባዛ አልነበረም። ክንድንም አስሮ አሳየ። ነርሷ ደም ልትቀዳ ክንዳችሁን ስታስር ደም መልሶቹ ላይ ቋጠር ቋጠር ያሉ ጉብታዎች ታያላችሁ አይደል? እዚያም ቫልቭ አለ፣ ወደ ልብ ብቻ የሚከፈት። እኔ እነዚያን ጉብታዎች ሳይ እስከዛሬ ደስ ይለኛል።

እህቴ ወረፋ ደርሷት በሯ የተከፈተው በፊኛ ነው። ደረቷን አልቀደዷትም። ብሽሽቷ ላይ ባለው ደም መልስ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ወደ ቀኙ የላይኛ ክፍል አደረሱት። ከዚያ ወደ ግራ መሻገር አለበት፣ መሀል ላይ ግድግዳ አለ። ሐኪሙ የሚሻገርበትን ቦታ ሲነግረን ነው እንባዬ የመጣው። ሁላችንም እናታችን ሆድ ውስጥ እያለን ሳንባችን ስለማይተነፍስ ደሙ አቋርጦ የሚያልፍበት ቀዳዳ እዚያ ግድግዳ ላይ ነበረን። ተወልደን ስናለቅስ፣ ሳንባ አየር ሲሞላ፣ ግፊቱ ይገለበጥና ክዳኑ ይዘጋል። ስስ ቦታ ሆኖ ይቀራል። ቱቦው የሚገባው በዚያች ስስ ቦታ ነው። ካንጂ ኢኑዌ የሚባል ጃፓናዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው እ.ኤ.አ. በ1982 ይሄን ፊኛ መጀመሪያ ሰው ላይ የተጠቀመው። ፊኛው የተጣበቀው በር መሀል ላይ ይነፋል፣ ጠርዞቹ ይላቀቃሉ፣ ፊኛው ወዲያው ይሟሽሻል። በሯ ከ0.9 ወደ 1.8 ሰፋ። እንደ ጤነኛ ሰው አይደለም፣ ግን እጥፍ ነው።

ሁሉም ይሄን ዕድል አያገኝም። ዶክተር በላይ አበጋዝ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት ድርጅት ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ለዓመታት ልጆች ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ ሲላኩ ቆይተው ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው ማዕከል ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ሃያ ዓመት። ስንት ልጅ ነው በነዚያ ዓመታት በትራስ ተደግፎ ያደረው?

ከፊኛው በኋላ ያለችው ሌሊት ተራው የእኔ ስለነበር ሆስፒታል ያደርኩት እኔ ነኝ። ስድስት ሰዓት ገደማ ስነቃ አልጋው ላይ የለችም መሰለኝ። ነበረች። በጀርባዋ፣ ዝርግት ብላ፣ አንድ ትራስ ላይ ተኝታ ነበር። ሁለቱ ትራሶች ወለሉ ላይ ወድቀዋል። እስኪነጋ ትንፋሿን ስቆጥር አደርኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ስታረግዝ ደግሞ በፍርሃት ሞትን፤ እርጉዝ ሴት ደሟ ግማሽ በግማሽ ያህል ይጨምራል፣ ምቱም ይፈጥናል። በየሁለት ሳምንቱ እየታየች ወለደች። የተወለደው ያው በጆግ ውሃ ሲጨምር የነበረው ልጅ ነው።

ልቡን እንደ ቃላችን አጥበን መለስን፣ እማዬ ከትፋ ጥብሱ ውስጥ ጨመረችው። ከምሳ በኋላ ቡና እስኪፈላ እህቴ ሳሎን ፍራሹ ላይ ጋደም አለች፣ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ልጁ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፣ ሁለት ጣቱን አንጓዋ ላይ አድርጎ የግድግዳውን ሰዓት እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ጀመር። ደቂቃው ሲሞላ ወደ እኔ ዞሮ በሹክሹክታ «68» አለኝ። መርፌዋ የፊታችን ማክሰኞ ነው፤ እሱ ነው የሚወስዳት።